«ቀሪ ዕድሜ» የሚለው መስመር

ዝናቡ ጠዋት ላይ ድንገት ነበር የወረደው። ከትንሿ አውሮፕላን ማረፊያ በር ፊት ለፊት፣ ሁለት ሰው በግድ በምታስጠልል የቆርቆሮ ክዳን ሥር፣ አንድ አዛውንት መካኒክ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ቆመዋል። ከኋላቸው የሴት ድምፅ ሦስት ጊዜ ተጣራ። አልዞሩም። ኩራት እንዳይመስላችሁ፤ አልሰሙም።

እኚህ ሰው አልሰሙም ማለት የሚያስቅ ነገር ነው። በማረፊያው ያለው ሁሉ የሚጠራቸው «ጋሽ ጆሮ» እያለ ነበርና። ሌላው ቀን ሙሉ ፈትቶ የሚያጣውን የሞተር ሕመም እሳቸው ከውጭ ቆመው አዳምጠው «ሦስተኛው ሲሊንደር አኩርፏል» ይላሉ፤ ሲፈታም ሦስተኛው ሆኖ ይገኛል። ብረቱን በትንሿ የናስ መዶሻቸው ኳ አድርገው፣ ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው «ጤነኛ ነው» ካሉ፣ አብራሪዎቹ ከዚያ ወዲያ ጥያቄ አያበዙም። እንዲህ ሲሉ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ቀኝ ጆሯቸው ጨርሶ ተደፍኗል፤ ግራውም አልፎ አልፎ ያንቀላፋል። ይህን ለባለቤታቸው እንኳ አልተናገሩም። ምን ብለው ይናገሩ? ጆሮ የሌለው ጋሽ ጆሮ ምን ተብሎ ሊጠራ ነው?

«ጋሼ! ምነው እንዲህ ጨከኑብኝ?» አለች ተጣሪዋ ዞራ ፊታቸው ቆማ።

የሟች ወንድማቸው ልጅ ነበረች። ጃንጥላው ከእጃቸው ወደቀ። ልጅነቷን በሃንጋሩ ውስጥ ዳዶና ብሎን እየለየች ያሳለፈች፣ በኋላም ተምራ መሐንዲስ የሆነች፣ እሳቸውም «የኔ ሥራ ናት» እያሉ ለሰው የሚያወሩላት ልጅ ናት። አገላብጠው ሳሟት።

«ወዴት ነሽ በዚህ ዝናብ?»

«ወደ እርስዎ ነዋ።»

«ለጥየቃ?»

«ጥየቃም ሥራም» አለችና በፕላስቲክ የተጠቀለለ መዝገብ ከብብቷ ሥር አሳየቻቸው። «የዛሬው ተቆጣጣሪ እኔ ነኝ ጋሼ።»

አዛውንቱ ለዚህ ተቆጣጣሪ የሚናገሩትን ሦስት ቀን ሙሉ ሲያሰናዱ ከርመዋል። ግማሹ ስድብ ነበር። አሁን የተሰናዳው ሁሉ አፋቸው ውስጥ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ወር በፊት ትናንሽ አውሮፕላኖችን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት የጥገናውን ደንብ አሻሽሎ አዲስ መመሪያ አወጣ። ነዳጅ የሚያስተላልፉት የጎማ ቱቦዎች፣ አውሮፕላኑ ቢበርም ባይበርም፣ አሥር ዓመት ሲሞላቸው ይለወጣሉ። ክንፍን ከገላ ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች ደግሞ አምስት ሺህ የበረራ ሰዓት ከሞላቸው፣ መልካቸው ምንም ያህል ቢያምር፣ ይወጣሉ። አብሮ በተላከው ቅጽ ላይ ከየዕቃው ስም ጎን «ቀሪ ዕድሜ» የሚል መስመር አለ፤ ስንት ሰዓት ወይም ስንት ዓመት እንደቀረው ይሞላበታል። ጋሽ ጆሮ በአራቱ የክንፍ ብሎኖች አንጻር፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው፣ «አንድዬ ያውቃል» ብለው ጽፈው ላኩት።

መሥሪያ ቤቱ አንድ ቀን ሙሉ ሳቀ። በማግስቱ ግን ሳቁን ትቶ ሰው ላከ። እስከ ሐሙስ ቅጹ በወጉ ካልተሞላ አውሮፕላኗ ትቆማለች፤ አዛውንቱም ከእንግዲህ «ለበረራ ብቁ ናት» ብለው መፈረም አይችሉም። ሐሙስ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ላሉ መንደሮች ሐኪም የምትደርስበት ቀን ነው፤ ከዚህች አውሮፕላን በቀር ሌላ የሚያደርሳት የለም።

ዝናቡ ሲያባራ ወደ ሃንጋሩ ገቡ። አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ወደ በሩ አድርጋ ቆማለች፤ በትንሽነቷ «ድንቢጥ» ብለዋታል። ከግድግዳው ላይ ቁልፎቹ በቁመታቸው ተሰልፈው ተሰቅለዋል። ከሥራ ጠረጴዛው ሥር አንድ ያልተከፈተ ካርቶን ተቀምጧል፤ ክዳኑ መሐሉ ላይ ጎድጉዷል። አዲሶቹ ብሎኖችና ቱቦዎች ከመጡ ወር አልፏቸዋል፤ አዛውንቱ ግን ካርቶኑን የእግር ማሳረፊያ አድርገውታል። ልጅቱ አየችው። አዛውንቱም እንዳየች አዩ።

ከፔርሙሳቸው ሻይ ቀዱላትና ክርክሩን ራሳቸው ከፈቱት።

«እስቲ ልጠይቅሽ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ያልታመመ ሰው ሆዱ ይቀደዳል?»

«አይቀደድም ጋሼ።»

«ታዲያ ያልታመመ ብሎን ለምን ይፈታል?»

«ከብሎኑ በፊት ከጎማው እንጀምር» አለች። «ቱቦዎቹ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።»

«ከዚያ ውስጥ ሦስቱን እኮ ድንቢጥ ቆማ ነው ያሳለፈችው! የቀድሞው አብራሪዋ ታሞ ከዚህ ሃንጋር አልወጣችም። ምን ሠራች? ተኛች! የእንቅልፍ ዘመን ሊቆጠርባት ነው?»

«ጋሼ፣ ያኔ እግርዎ ተሰብሮ ሁለት ወር ተኝተው ሲነሡ እንዴት ሆነው ተነሡ?»

«ዱላ ይዤ ነዋ።»

«ምን ሠርተው ደከሙ? ተኝተው አልነበረም እንዴ?»

ሊቆጡ ፈልገው ሳቅ ቀደማቸው። «አንቺ ልጅ! ምላስሽን ማን ሞረደው?»

«እርስዎ ነዎት፤ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ።»

የሞተሩን ክዳን ከፍተው አንዱን ቱቦ በአውራ ጣታቸው ጎበጥ አደረጉት። ጎማው ላይ ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ብቅ አሉ፤ ሲለቁት ተመልሰው ተሸሸጉ። አንድ ጊዜ ደግመው ጎበጥ አደረጉት። ሐቀኛ መካኒክ ስለሆኑ ያዩትን አላየሁም አላሉም።

«እሺ፣ ጎማው ይለወጥ። ጎማ ድሮም ጎማ ነው፤ እምነት የለውም። ብረት ግን ሌላ ነው። አሁን የትም አገር አንድ ቸልተኛ ያጠበቀው ብሎን ተበጥሶ ይሆናል፤ ለዚያ ጥፋት የኔ ይቀጣ? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።»

ለአዛውንቱም መፍረድ ይገባል። አራቱን ብሎኖች በየመቶ ሰዓቱ ጠርገው፣ አይተው፣ አንኳኩተው ነው እዚህ ያደረሷቸው። ሰው የደከመበትን ነገር «ጣለው» ሲሉት ድካሙን ጣለው ያሉት ይመስለዋል። ልጅቱ ይህን ስለምታውቅ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ከመሬት አንድ ቁራጭ ሽቦ አነሣች።

«ይህቺን ጨዋታ ያስታውሷታል?»

«የምን ጨዋታ?»

«የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ሥራ አላስይዝ ስልዎት ቁራጭ ሽቦ ይሰጡኝና፣ እያጠፍሽ እያቃናሽ ስንተኛው ላይ እንደሚሰበር ቁጠሪ ይሉኝ ነበር። አንዱ አሥራ ዘጠኝ ላይ ተሰበረ። ሌላው ሠላሳ አንድ። ሦስተኛው ሃያ ሦስት። ከመሰበሩ በፊት ምን ሰማሽ ብለው ጠየቁኝ። ምንም አልሰማሁም አልኩ። እኔም አልሰማሁም አሉኝ።»

«ዝም እንድትዪልኝ ነበር እኮ ሽቦ የምሰጥሽ» አሉ አዛውንቱ፤ ግን ዓይናቸው ሽቦው ላይ ነበር።

«ከዚያ አራተኛውን ሰጡኝና፣ ይህ እንዳይሰበርብሽ ብትፈልጊ ስንት ላይ ታቆሚያለሽ አሉኝ። አሥር አልኩ። ግንባሬን ሳሙኝ። ጋሼ፣ መመሪያው ያው ነው! ክንፏ በነፋስ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ብሎኑ በዓይን በማይታይ ልክ ይጎብጣል፣ ይቃናል። አንዱ ሰባት ሺህ ሰዓት ይቆይ ይሆናል፤ ሌላው ስድስት ሺህ። የትኛው የትኛው እንደሆነ እሱ ራሱ አይናገርም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? ስለዚህ ሁሉም ደህና በሆኑበት ቁጥር ላይ ቁሙ ተባለ። የእርስዎ ብሎኖች አምስት ሺህ ሁለት መቶ አልፈዋል።»

«ማን ነው ቁሙ ያለው? የቢሮ ሰው! ጥፍሩ ሥር ግራሶ ገብቶ የማያውቅ!»

«አይደለም ጋሼ። በየአገሩ እንደ እርስዎ ያሉ መካኒኮች ፈትተው ያዩትን ጽፈው ላኩ፤ የቢሮው ሰው ሰበሰበው። እርስዎ አርባ ዓመት ያዳመጡት በእጅዎ ያለፉትን ነው። መመሪያው ያዳመጠው በሺህ የሚቆጠሩ ድንቢጦችን ነው። የእርስዎ ጆሮ ይቅር አላልኩም፤ የሌሎቹም ይጨመርበት ነው የምለው።»

አዛውንቱ የሻይ ብርጭቋቸውን ጠረጴዛው ላይ ቋ አድርገው አስቀመጡ።

«ዛሬ ደህናውን ብሎን ዕድሜህ ሞልቷል ብላችሁ ትፈቱታላችሁ። ነገ ደግሞ እኔን ትፈቱኛላችሁ!»

ከተናገሩት በኋላ እሳቸውም ደነገጡ። ሲከራከሩ የቆዩት ስለ ብረት እንዳልሆነ ከአፋቸው ሲወጣ ነው የገባቸው። ልጅቱ ተነሥታ ብርጭቋቸውን ሞላችላቸው። እንዲህ ያለው ቃል ከሽማግሌ አፍ ሲወጣ በክርክር መርታት ነውር ነው።

ትንሽ ቆይተው «እንግዲያው አንቺው ሙዪው» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «ቁጥሩን ታውቂው የለ? ጻፊና እንገላገል።»

«አልችልም ጋሼ። ደንቡ መስመሩን የሚሞላው ሥራውን የሠራው ሰው ነው ይላል። ሌላ ሰው አይሞላለትም።»

አዛውንቱ የናሷን መዶሻ ከኪሳቸው አወጡ። «ፊትሽ ላንኳኳው። ድምፁ ትንሽ እንኳ ከሰለለ ወዲያው እፈታዋለሁ። ካልሰለለ ደግሞ አንቺም ጆሮ አለሽ፤ ትፈርጃለሽ።»

ከክንፉ ሥር ተንበረከኩ። ኳ አደረጉ፤ ግራ ጆሯቸውን አስጠጉ። ደግመው ኳ አደረጉ። እጃቸው ምቱን ያውቀዋል፤ ግን ወደ ጆሯቸው የመጣው ድፍን ያለ ነገር ነበር፣ ከደመና ማዶ እንደሚንኳኳ በር። ጤናም አይደለም፣ ሕመምም አይደለም። ሦስተኛ ጊዜ አንኳኩ።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ከሦስት ወር በፊትም እዚሁ ተንበርክከው አንኳኩተዋል፤ የጥገና መዝገቡ ላይም «አንኳኩቼ ሰምቻለሁ፣ ጤነኛ ነው» ብለው ፈርመዋል። ሰምተው ነበር? የለም፤ አስታውሰው ነበር። የፈረሙበት ድምፅ ጆሯቸው ደህና ሳለ የሰሙት ያ ጥርት ያለ ድምፅ ነበር። እንግዲህ ያቺ ሐኪም፣ የልጅ አባት የሆነው የዛሬው አብራሪም፣ ሦስት ወር ሙሉ በሽማግሌ ትዝታ ላይ ተንጠልጥለው ወንዙን ሲሻገሩ ከርመዋል። ሰማይ ላይ ደግሞ ዳር ይዞ መቆሚያ የለም። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ምን አለ ጋሼ?» አለች ልጅቱ ጎንበስ ብላ።

መዶሻዋን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ቁልፉን አቀብይኝ» አሉ። «ካርቶኑንም ሳቢው።»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላል ያገሬ ሰው። ለእኚህ አዛውንት ግን መከራው ከመምጣቱ በፊት ምክሩ ቀደመላቸው፤ ይህም የሚገኘው ሰው ራሱን ለመታዘብ ሲደፍር ነው።

ክንፏን በመደገፊያ ደግፈው እስከ ከሰዓት ሠሩ። ልጅቱ እጅጌዋን ሰብስባ ግራሶ በግራሶ ሆነች። የመጀመሪያው ብሎን ሲወጣ ጠርጋ፣ ስንጥቅ የሚያጋልጠውን ቀይ ቀለም ቀብታ፣ ጊዜውን ጠብቃ፣ በአጉሊ መነጽር አገላብጣ አየችው። አዛውንቱ ከጎኗ ቆመዋል፤ ስንጥቅ ይገኝ ወይስ አይገኝ ብለው ቢጠየቁ የትኛውን እንደሚመኙ አያውቁም ነበር።

«ንጹሕ ነው» አለች። አራቱም ንጹሕ ሆኑ።

«አላልኩሽም!» አሉ አዛውንቱ፤ ፊታቸው በራ። ወዲያው ደግሞ ጠቆረ። «ታዲያ ያለ ጥፋቱ አስወጣነው።»

«እሰይ ይበሉ እንጂ ጋሼ! እንዲህ ሆኖ እንዲወጣ አይደል የተፈለገው? ተሰንጥቆ ቢገኝ ኖሮ ዘግይተናል ማለት ነበር። ሥራውን ሠርቶ፣ ማንንም ሳይጥል፣ በጤናው ወጣ። ከዚህ የበለጠ ምን ክብር አለ?»

አዛውንቱ ብሎኑን በመዳፋቸው ላይ አገላበጡት። ሲፈሩት የኖሩት መውጣት የተሰበረ ዕቃ መውጣት ነበር። በጤና መውጣት የሚባል ነገር መኖሩን እስከዚያች ሰዓት አላሰቡትም።

«ላስቀምጠው?» አሉ እንደ ልጅ።

«እንዲሁ አይቀመጥም፤ ማንም ተሳስቶ መልሶ እንዳያስገባው ለሁለት ይቆረጣል።»

የብረት መጋዙን ራሳቸው ያዙ። ሲቆርጡት ብረቱ ጮኸ፤ ያንን ጩኸት እንኳ በእጃቸው ነበር የሰሙት። ግማሹን ለእሷ ሰጧት፤ ግማሹን ከመዶሻዋ ጋር ኪሳቸው ከተቱት። ሌሎቹንም ሦስቱን ቆረጧቸው። በማግስቱ አዲሶቹ ገብተው፣ በልካቸው ጠብቀው፣ ቱቦዎቹም ተለውጠው ሲያልቅ ልጅቱ መልሳ ያመጣችውን ቅጽ ወደ ብርሃን ወሰዱት። «አንድዬ ያውቃል» የሚለውን በአንድ ቀጭን መስመር ሰረዙና ፈረሙበት። ከጎኑ «አምስት ሺህ ሰዓት» ብለው ጻፉ። ዝቅ ብለውም ማንም ሳያዝዛቸው «አሮጌዎቹ ሥራቸውን ፈጽመው በጤና ወጡ» ብለው ጨመሩ። ልጅቱ ይህን ለመጨመር የሚያስችል ቦታ በቅጹ ላይ እንደሌለ ብታውቅም አልከለከለቻቸውም።

ሐሙስ ጠዋት አብራሪው ሲመጣ የሆነው ደግሞ ያስቃል። አዲስ አማኝ ከሰባኪው ይብሳል እንዲሉ፣ ጋሽ ጆሮ ክንፉ ሥር አቁመው ሰበኩት።

«ስማ፣ ከእንግዲህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የለም። ዕቃ ከመታመሙ በፊት ቀኑን አውቀን እናወጣዋለን። ቀኑን ካወቅን ተለዋጩን በጊዜ እናዛለን፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ስለዚህ አንሮጥም። ሐኪሟም በቀኗ ትደርሳለች፤ ማዶ ያለው ሕመምተኛ ደጅ ደጁን እያየ አይውልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ «እኔ ባልኖርም ከኔ በኋላ የሚመጣው መካኒክ የኔን ጆሮ መውረስ አያስፈልገውም። ማንበብ ከቻለ ይበቃዋል።»

«ጋሽ ጆሮ፣ ባለፈው ሳምንት ይህንኑ መመሪያ የወረቀት ወባ ብለውት አልነበረም?»

«ባለፈው ሳምንት በሽተኛው እኔ ነበርኩ» አሉና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

ሐኪሟ ሻንጣዋን ይዛ ገባች። ድንቢጥ ሜዳውን ሮጣ ተነሣች፤ ወንዙ ላይ ዞረችና ወደ ማዶ አቀናች። አዛውንቱና የወንድማቸው ልጅ ጎን ለጎን ቆመው ሸኟት። ልጅቱ አንድ ነገር ተናገረች። አዛውንቱ ሰማዩን እያዩ ዝም አሉ። ጥቂት ቆይተው ዞር ሲሉ ከንፈሯ ሲገጠም ደረሱበት።

«የኔ ልጅ» አሉ፣ «ወደ ግራዬ ዙሪ። የቀኙ ሰዓቱን ሞልቷል።»

ዞራ በግራቸው ቆመች። አልደነገጠችም።

«ታውቂ ነበር?»

«በሩ ላይ ሦስት ጊዜ ጠርቼዎታለሁ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ለምን ዝም አልሽኝ?»

«መስመሩን የሚሞላው ባለቤቱ ነው ብዬ» አለችና ክንዳቸውን ያዘች። «ሐኪሟ ቅዳሜ ስትመለስ አብረን እናነጋግራታለን። ፊርማውን የሚረከብዎት ሰው እኔ አፈላልጋለሁ፤ እርስዎ አዳዲሶቹን መካኒኮች ያስተምሩልኛል። ሽቦ እየሰጡ።»

አዛውንቱ ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅሯል። ከማዶው ኮረብታ በላይ ድንቢጥ ነጥብ አክላለች። ለእሳቸው ድምፅዋ ከጠፋ ቆይቷል።

«ሞተሩ ይሰማሻል?»

«ይሰማኛል ጋሼ። ጥርት ብሎ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም አለ።»

እጇን ጠበቅ አድርገው ያዙ። «አሁንስ?»

ልጅቱ እስከ መጨረሻው አዳመጠችላቸው። «አሁን ሄደች» አለች። «ደህና ናት።»